ከባቱ እስከ አዲስ አበባ፦ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት የካርቦን አሻራ

በቅርብ የተመረተ ምግብ ከሩቅ ከሚመጣው ይልቅ ከባቢ አየርን በጥቂቱ ይበክላል የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው። አስተሳሰቡ መሠረት የለውም አንልም። ይሁን እንጂ አንድን ነገር ከመቀበላችን በፊት ማስላት የፊዚክስ ልማድ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ከባቱ (ዝዋይ) ወደ አዲስ አበባ የሚጓጓዘውን ሽንኩርት በምሳሌነት ወስደን ጉዳዩን እንመረምራለን።

የካርቦን አሻራ ስንል አንድ ምርት ከእርሻ ተነስቶ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ድረስ በእርሱ ምክንያት ወደ ከባቢ አየር የሚለቀቀውን የሙቀት አማቂ ጋዞች መጠን ማለታችን ነው።

ከአንድ ሊትር ናፍጣ ምን ያህል ጋዝ ይወጣል?

አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 720 ግራም ገደማው ካርቦን ነው። ናፍጣው ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ሁለት የኦክስጅን አቶሞችን ይወስዳል። የካርቦን አቶማዊ ክብደት 12፣ የኦክስጅን ደግሞ 16 በመሆኑ ከ12 ግራም ካርቦን 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። ስለዚህ 720ን በ44 አባዝተን ለ12 ስናካፍል 2640 ግራም ይሆናል። ጋዙ ከነዳጁ ሦስት እጥፍ ያህል የሚከብደው ኦክስጅኑ ከአየር ስለሚጨመርበት ነው።

የጭነት መኪናውና የቤት አውቶሞቢሉ

ከባቱ እስከ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 5 ቶን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር፣ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ 15 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። የደርሶ መልሱ ፍጆታ 56 ሊትር፣ የሚለቀቀውም ጋዝ 148 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን ለ5000 ኪሎ ስናካፍለው ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚደርሰው 30 ግራም ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ሸማች 2 ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ብቻ በቤንዚን አውቶሞቢል ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና 1 ሊትር ቤንዚን ቢያቃጥል፣ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ጋዝ ይለቃል። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት 1150 ግራም ደረሰው ማለት ነው። የከተማው አጭር ጉዞ ከረጅሙ የአገር አቋራጭ ጉዞ 38 እጥፍ ያህል በለጠ! ከዚህ የምንረዳው ወሳኙ ርቀቱ ብቻ ሳይሆን የተቃጠለው ነዳጅ ለስንት ኪሎ ጭነት እንደተከፋፈለ መሆኑን ነው።

ከመንገድ ባሻገር

ዌበር እና ማቲውስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ቤተሰቦች የምግብ አሻራ ውስጥ ከአምራች እስከ መደብር ያለው ማጓጓዝ ድርሻው 4 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኛው አሻራ የሚመነጨው ከምርት ሂደቱ ነው። በእኛም አገር ማዳበሪያውና የሐይቁን ውሃ ወደ ማሳ የሚስበው የናፍጣ ፓምፕ ከስሌቱ ሊዘነጉ አይገባም። ብክነትም እንዲሁ ነው። ከ5 ኪሎ ሽንኩርት አንዱ ኪሎ ቢበሰብስ፣ የተበላሸው ኪሎ አሻራ በቀሩት አራት ላይ ስለሚያርፍ የእያንዳንዳቸው አሻራ በ25 በመቶ ያድጋል።

እንግዲህ የአገር ውስጥ ምርትን ስንመርጥ በቅርብነቱ ብቻ ረክተን መቀመጥ የለብንም። መኪናው ሞልቶ መጓዙ፣ በመልሱም ጭነት ማግኘቱ፣ ምርቱ ሳይበላሽ መድረሱ አሻራውን ይቀንሳሉ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ነዳጅም ይቆጥባሉ።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ አዲስ አበባ ከባቱ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝነውን መኪና ወደዚህ ከፍታ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት አስሉ። የ1 ሊትር ናፍጣ ጉልበት 36 ሚሊዮን ጁል እንደሆነና ሞተሩ ሲሶውን ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ውሰዱ። ውጤቱ ከ5 ሊትር በጥቂቱ ያነሰ ይሆናል። መኪናው ሲመጣ ከፈጀው 32 ሊትር የቀረው የት ዋለ? በዚህ ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።