ወመዘክር እና የእኛ ንባብ

በጉበይራ ስንገናኝ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ኀዘን አለ። ብዙዎቻችን ባላነበብነው ውል ላይ ፈርመናል። ፊደል ያልቆጠረችው እህታችን ደግሞ ከአገር ቤት የመጣላትን ደብዳቤ ሌላ ሰው ስለሚያነብላት የቤቷን ምስጢር ባዳ ይሰማዋል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ተነሥተን ስለ ንባብ እንማራለን።

ታሪኩ

በአዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተመሠረተው ጠላት ከአገራችን ከተባረረ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሕዝቡ «ወመዘክር» ይለዋል፤ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ከሚለው ስሙ የተወሰደ ነው። በግእዝ «ወ» ማለት «እና»፣ «መዘክር» ማለት መታሰቢያ ነው። በውስጡ የብራና መጻሕፍትና ነገሥታቶቻችን ለውጭ አገር መሪዎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ይጠበቃሉ። ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ከዚህ ስብስብ 12ቱን በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስፍሯቸዋል። ደብዳቤ የአገር ቅርስ ከሆነ፣ እኛም ለልጆቻችን በእጃችን የምንጽፈውን እንደ ቀላል አንቁጠረው።

የንባብ በዓል

በአገራችን ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጆች ድግስ ደግሰው ጎረቤት ይጠሩ ነበር። ንባብ እንደ ሠርግ የሚከበር ነገር ነበር ማለት ነው። እኛስ በልደት ወይም በትንሣኤ ስንሰባሰብ፣ ማንበብ የጀመረች እህት ጥቂት አንብባ እልል ብንልላት ምን ይከለክለናል? ዋናዎቹ ፊደላት 33 ናቸው። በቀን አንድ ረድፍ ከሀ እስከ ሆ ብላ የምታጠና እህት በ33 ቀን ትጨርሳቸዋለች።

ምን እናንብብ?

1ኛ. መዝሙረ ዳዊት። 150 መዝሙር አለው፤ በቀን 5 ብንደግም በ30 ቀን እናደርሰዋለን።

2ኛ. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ስለሆነ፣ ለማንበብ ጊዜ ያጣች እህት ልብስ እየተኮሰች ልትሰማው ትችላለች።

3ኛ. የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተት ልጅ ታሪክ ነው፤ ለስደተኛ ልብ ቅርብ ነው።

4ኛ. የሥራ ውላችንና ኢቃማችን። ዐረብኛውን ካላወቅን የምታውቅ እህት ታንብብልን፤ ደመወዙንና የሚያበቃበትን ቀን በአማርኛ ጽፈን እንያዝ።

መጽሐፍ ከየት ይምጣ እንዳትሉ፣ አምስት እህቶች አንድ አንድ መጽሐፍ አምጥተን በየወሩ ብንለዋወጥ በአምስት ወር እያንዳንዳችን አምስት እናነባለን። የሃይማኖት መጽሐፍ ስንይዝ ግን ያለንበትን አገር አውቀን በጥበብ እንሁን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ትልቅ ባለሥልጣን ነበር። በመንገድ ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ይገባህ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፤ ከጎኑም አስቀመጠው። እኛም አለማወቃችንን ለእህታችን ለመንገር አንፈር፤ የምናውቅም ለማስተማር አንታክት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ያላነበብሽው ወረቀት ላይ ፈርመሽ ታውቂያለሽ? አሁን ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?

ለ. በዚህ ወር ፊደል የምታስተምሪያት እህት ማን ናት?

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን፤ አሜን።