የሚራመዱ ሥዕሎች፤ የጃፓንን የሥዕል ፊልም ኤግዚቢሽን ስለ መጐብኘቴ

የሥዕል ፊልም ማለት ሕፃናትን ከለቅሶ ማባበያ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አባቴም ከእነዚሁ አንዱ ነበሩ። በደብተሬ ኅዳግ ላይ ሥዕል ስሥል ባገኙኝ ቍጥር «ሥዕል እንጀራ አይሆንም፤ ይልቅስ ሒሳብህን ሥራ» ይሉኝ ነበር። ሒሳብና ሥዕል ምን ያኽል የተዛመዱ እንደ ሆኑ ግን እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር። ይኸን የተረዳሁት በ2014 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ከእናቴ ጋራ አክስቴን ለመጠየቅ ወደ ሎስ አንጀለስ በሔድሁ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዬ 14 ዓመት ነበር። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በዚያች ከተማ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ጐዳና ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሰፈር አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በእግሩ ጥቂት የተጓዘ ሰው፣ ፌርፋክስ ከዊልሸር ጐዳና ጋራ በሚገናኝበት ማእዘን፣ የአካዳሚውን የሲኒማ ሙዚየም ያገኛል። ሙዚየሙ በ2021 ሲከፈት የመጀመሪያ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽኑን ያደረገው ስለ ጃፓናዊው ስለ ሀያኦ ሚያዛኪ ፊልሞች ነበር፤ ኤግዚቢሽኑም እስከ 2022 አጋማሽ ቈየ። ክትፎ በልተን ወጥተን ወዲያው ጃፓን መግባታችን ለአክስቴ ሣቅ ሆነባት።

መግቢያው ቅጠል የተሸፈነ ዋሻ ይመስላል። «ጎረቤቴ ቶቶሮ» በሚባለው በ1988 በወጣው ፊልም ውስጥ ታናሺቱ ልጅ እየዳኸች የምታልፍበት የዛፍ ዋሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከ300 የሚበልጡ ዕቃዎች ተሰድረዋል፤ የእርሳስ ንድፎች፣ በውሃ ቀለም የተሠሩ ሥዕሎች፣ የፊልም ማስታወቂያዎች። እኔ ስገባ ፊልም የማይ መስሎኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን አብዛኛው ወረቀት ነው። በመጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ግን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ስሔድ አክስቴ እስክትሰለች ድረስ ቆምሁ።

ሚያዛኪ በ1941 በቶክዮ ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊፈጽም ሲቃረብ፣ ይኸውም አሁን በእኛ ዕድሜ ሳለ፣ በ1958 የወጣውን «የነጭ እባብ ታሪክ» የሚባለውን የጃፓን የመጀመሪያ ረዥም ባለቀለም የሥዕል ፊልም አይቶ ልቡ ተነካ። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ፖለቲካና ኤኮኖሚ ነው። ይኸን ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ «አየህ፤ እሱም መጀመሪያ ተምሯል» አሉኝ። በ1963 ቶኤይ ወደ ተባለው የፊልም ኩባንያ ገብቶ ከታችኛው ሥራ ጀመረ።

ያ የታችኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ግን ሥዕል እንዴት እንደሚራመድ መናገር ያስፈልጋል። በሲኒማ መጋረጃ ላይ በአንድ ሰኮንድ 24 ምስል ያልፋል። ዓይናችን እያንዳንዱን ለይቶ ማየት ስለማይችል የቆሙት ምስሎች ተያይዘው የሚንቀሳቀሱ ይመስሉናል። እንግዲህ በአንድ ደቂቃ 1,440፣ በሁለት ሰዓት ደግሞ 172,800 ምስል ይሆናል ማለት ነው። ለሁሉ አዲስ ሥዕል ይሣል ቢባል ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ ደጋግመው ያነሡታል፤ ሦስት ጊዜ ከተነሣ ለአንድ ሰኮንድ 8 ሥዕል ይበቃል። ኦሳሙ ቴዙካ የሚባለው ሠዓሊ በ1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለውን ፊልም በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማሳየት ሲጀምር የተጠቀመው እንዲህ ባለው ቍጠባ ነበር። ሰውየው ሲናገር አካሉ ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በጃፓን የቴሌቪዥን ሥዕሎች ላይ ሰዎች ለረዥም ጊዜ ቆመው የሚተያዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እኔ ግን የጃፓኖች ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። አንድ ልጅ ከወንበር ተነሥቶ ወደ በር ሲሮጥ እናስብ። ዋናው ሠዓሊ ሲነሣ፣ ሲዞርና በሩን ሲይዝ ያሉትን ዋና ዋናዎቹን ብቻ ይሥላል። በእነዚህ መካከል ያሉትን ሥዕሎች ሁሉ የሚሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ሚያዛኪ በ1963 የተቀጠረው ለዚህ ሥራ ነበር። ከዚያም ሥዕሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይገለበጥና መስመሩ እንዳይጠፋ ቀለሙ ከጀርባው ይቀባል። ቤቱ፣ ዛፉና ሰማዩ ለብቻው በወረቀት ላይ ስለሚሣሉ ፕላስቲኩ በላዩ ተደርቦ በካሜራ ይነሣል። በ1997 ለወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» ለተባለው ፊልም ወደ 144,000 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ከዚያም ውስጥ 80,000 ያኽሉን ሚያዛኪ ራሱ እንዳረመው ይነገራል። ዛሬ ማቅለሙ በኮምፒዩተር ሆኗል፤ እነሱ ግን አሁንም በእርሳስ ይሥላሉ።

በኤግዚቢሽኑ ውስጥ ሣር መሳይ ምንጣፍ የለበሰ ተዳፋት ነበር። ጐብኚው በጀርባው ይጋደምና ከላይ ደመና ሲያልፍ ያያል። እኔና አክስቴ ጫማችን እንዳይነካካ ተጠንቅቀን ተጋደምን። ብዙ ጊዜ ሳንነጋገር ቈየን። የሚያዛኪ ፊልሞች ሰማይና አውሮፕላን የሞላባቸው ናቸው፤ የአባቱ ቤተ ሰብ በጦርነቱ ጊዜ ለአውሮፕላን የሚሆን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ነበራቸውና። እኔም በዚያ ሰማይ ሥር ሳለሁ አውሮፕላን የሚባል ነገር ሁሉ የተባረከ መሰለኝ።

ማታ በአክስቴ ቤት «ነፋሱ ተነሣ» የተባለውን የ2013 ፊልሙን አየን። ታሪኩ ዜሮ የሚባለውን የጃፓን የጦር አውሮፕላን ስለ ነደፈው መሐንዲስ ነው። ይኸ ሰው በሕልሙ እየመጣ የሚያበረታታው ባለ ባርኔጣ ጣልያናዊ አለው፤ ስሙም ካፕሮኒ ይባላል። አክስቴ ስሙን ስትሰማ ፊልሙን አቆመችው። «ይኸን ስም ከእማማ ቤት አታውቀውም?» አለችኝ።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ የአያቴ እናት ገና ልጅ ነበሩ። በዚያ ጦርነት ጣልያን በአገራችን ላይ ካሰማራቻቸው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የካፕሮኒ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው። ይባስ ብሎ ሚያዛኪና ባልደረቦቹ በ1985 ላቋቋሙት የፊልም ቤት ያወጡለት «ጂብሊ» የሚለው ስም በሊብያ የሚነፍሰው የበረሓ ነፋስ፣ በእሱም ስም የተጠራው የካፕሮኒ የቅኝት አውሮፕላን ስም ነው። ጣልያኖች «ጊብሊ» ይሉታል፤ ጃፓኖቹ አነባበቡን ለውጠውታል።

እኔ ፊልሙን እንዝጋው አልሁ፤ አክስቴ ግን «እስከ መጨረሻው እይና ፍረድ» ብላ ቀጠለችው። በፍጻሜው የሚታየው የተሰባበሩ አውሮፕላኖች ሜዳ ነው። ሠሪው አውሮፕላንን ወድዶ በአውሮፕላን የተሠራውን ክፋት አልሸሸገም። ሆኖም በእኔ ፍርድ አንድ ነገር ይጐድለዋል፤ ከሥር ቆመው ወደ ላይ ያዩት ሰዎች በፊልሙ ውስጥ እምብዛም አይታዩም።

ወደ አገሬ ስመለስ ለአያቴ ሁሉን ነገርኋቸው። ስለ ካፕሮኒ ሲሰሙ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ አንተ ምን ልትሥል ነው?» አሉኝ። እኔም እሳቸውን ጥጥ ሲፈትሉ ልሥል ተነሣሁ። ስለ ሁለት ሰኮንድ፣ ሥዕል ሳልደጋግም፣ 48 ትናንሽ ወረቀት በሦስት ሳምንት ሞላሁና በአንድ ወገን ሰፍቼ በአውራ ጣቴ እየለቀቅሁ አሳየኋቸው። አባቴም ከበስተጀርባ ቆመው ያዩ ነበር። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«እጄስ እጄ ነው፤» አሉ። «ነገር ግን እንዝርቱን ጭኔ ላይ ሳላሽከረክረው በምን ኃይል ዞረ?»

አባቴ ሣቁ፤ ቀጥሎም ስንት ሥዕል መጨመር እንዳለብኝ ጠየቁኝ። አስልቼ 12 ነው አልኋቸው፤ እርሳሱንም ራሳቸው ቀረጹልኝ።