ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሹ ሲሞት

እንበል፤ አንድ የእህል ነጋዴ በኤሌክትሪክ መኪና ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ መራዊን አልፎ ዱርቤቴ ይገባል። የመጣው በቆሎና ዳጉሳ ሊገዛ ነው። መኪናውን ሆቴል ግቢ አቁሞ ሁለት ቀን በየገጠሩ ሲዘዋወር ሰንብቶ ይመለሳል። ሪሞቱን ቢጫን ምላሽ የለም። መብራት አይበራም፣ በሩ አይከፈትም። መኪናውን ሲያቆም ዋናው ባትሪ ከግማሽ በላይ ቻርጅ ነበረው። የግዢ ውሉና ሰነዱ መኪናው ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ሻጮቹም ሚዛን አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ።

ነጋዴው የታሰበ ነው፤ ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የሞተው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ትንሹ መሆኑ ነው።

የጎተራው ቁልፍ

የኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከወለሉ ሥር የተዘረጋውና መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ነው። ኃይሉ በብዙዎቹ ወደ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ወደ 800 ቮልት ይጠጋል። ሁለተኛው በማንኛውም የቤት መኪና ላይ የሚታየው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። የበሩ መቆለፊያ፣ የሪሞቱ ምልክት መቀበያ፣ መብራቱና ኮምፒዩተሮቹ የሚሠሩት በዚህ በትንሹ ነው።

መኪናው ሲጠፋ ትልቁ ባትሪ ለደኅንነት ሲባል ከቀረው የመኪናው ክፍል ተለይቶ ይዘጋል። መልሶ የሚያገናኘው ማብሪያ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ከትንሹ ባትሪ በሚመጣ ኃይል ነው። ጎተራው በእህል ቢሞላም ቁልፉ ያለው በትንሹ እጅ ነው እንደማለት ይቆጠራል። ትንሹ ከሞተ መኪናው አይነሳም፤ ቻርጅ ማድረጊያ ላይ ቢሰካም አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም፤ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተርም የሚነቃው በ12 ቮልቱ ነውና።

ይህ ባትሪ የሚሞተው በእርጅና፣ ያለ ሥራ ብዙ ቀን በመቆም፣ መኪናው ሳይነሳ ሬዲዮና መብራት በመክፈት ወይም ዘወትር በሚሠራ ተጨማሪ ካሜራ ምክንያት ነው። በቤንዚን መኪና ባትሪ ሲደክም ሞተሪኖው እያቃሰተ ያስጠነቅቃል። በኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለም፤ የሚያቃስትም የለም። አመሻሽ ላይ ደህና የነበረው ጠዋት ዝም ይላል።

ማስጠንቀቂያ በዳሽቦርዱ ላይ በጽሑፍ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ጽሑፋቸው በቻይንኛ ነው። ባለቤቱ ማስጠንቀቂያውን ቢያየውም አያነበውም።

ጉዳዩ ለምን አሁን?

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትነው ለሚመጡት 5 በመቶ ሆነ፤ ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚገቡት ቀረጥ አይከፍሉም ተባለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። በአዲስ አበባ የተጀመረው ገበያ ወደ ክልል ከተሞችም መድረሱ አልቀረም። መኪናው ቀድሞ ደርሶ ዕውቀቱ ሲዘገይ ኪሳራው የገዢው ነው።

ሦስት የተሳሳቱ ምክሮች

በዱርቤቴም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዳንግላ መኪና ቆሞ ሲገኝ ረዳት አይጠፋም። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን የለመድናቸው መላዎች ጉዳት አላቸው።

የመጀመሪያው “እንግፋው” የሚለው ነው። በማርሽ የሚነዳ የቤንዚን መኪና ተገፍቶ ይነሳል፤ የኤሌክትሪክ መኪና አይነሳም። ከዚህም በላይ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ትንሹ ባትሪ ሲሞት እንደተያዘ ይቀራል። የሚነዱትን ጎማዎች መሬት ላይ አድርጎ መጎተትም ሞተሩ ኃይል እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ ጉዳት ያስከትላል። መወሰድ ካለበት የሚወሰደው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው።

ሁለተኛው “መስታወቱ ይሰበር” የሚለው ነው። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ ይህ ትክክል ነው፤ ደቂቃ አይባክንም። ሰው ከሌለ ግን ከንቱ ወጪ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው “ከአይሱዙው ባትሪ እንስጠው” የሚለው ነው። በጎጃም መንገድ ላይ በቅርብ የሚገኘው አጋዥ ብዙውን ጊዜ የእህል ጫኝ አይሱዙ ነው። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ግን ሁለት ባትሪ በተከታታይ የተያያዘላቸው ባለ 24 ቮልት ናቸው። ይህን በ12 ቮልት ለሚሠራ መኪና መስጠት ኮምፒዩተሮቹን ያቃጥላል። በትንሽ ባትሪ የጀመረው ችግር ከባትሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኪሳራ ይሆናል።

በሩ እንዴት ይከፈታል?

በአብዛኞቹ ሞዴሎች ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መጫኛ ተጭኖ ሲስቡት ይወጣል። የቁልፉ ቀዳዳ በሾፌሩ በር እጀታ ላይ ወይም አጠገብ ነው፤ በብዙዎቹ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ስለሚሸፈን አይታይም። ክዳኑ ቀስ ተብሎ ሲነሳ ቀዳዳው ይገኛል፤ በሩም እንደ ድሮው በእጅ ይከፈታል።

የብረት ቁልፍ የሌላቸውም አሉ። ለምሳሌ በቴስላ ሞዴል 3 ላይ ከፊት መከላከያው የመጎተቻ ክዳን በስተጀርባ ሁለት ሽቦዎች ይገኛሉ። ለእነዚህ ከውጭ 12 ቮልት ሲሰጣቸው የፊት ኮፈኑ ይከፈታል።

የበር ነገር በሌላው ዓለምም አሳሳቢ ሆኗል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን 174 ሺህ ገደማ በሚሆኑ የ2021 ስሪት የቴስላ ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፍቷል። ምክንያቱ የውጭ በር እጀታዎች የሚደርሳቸው የትንሹ ባትሪ ኃይል ሲያንስ መሥራት ማቆማቸው ነበር። ወላጆች ልጆቻቸው ውስጥ እያሉ በሩን መክፈት አቅቷቸው መስታወት እስከ መስበር ደርሰዋል።

ኃይል አሰጣጡ

በሩ ከተከፈተ በኋላ ኮፈኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሾፌሩ ወይም ከጎኑ ተቀማጭ እግር አጠገብ ባለ እጀታ ይከፈታል። ትንሹ ባትሪ በብዙዎቹ ከኮፈኑ ሥር ነው፤ በአንዳንዶቹ ከኋላ ሊሆን ስለሚችል የመኪናውን መመሪያ ማየት ይበጃል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ኬብሎች የትልቁ ባትሪ ስለሆኑ ለሕይወት አደገኛ ናቸው፤ አይነኩም።

መካኒኩ ቀድሞ በቴስተር ይለካል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው። ከዚያ አጋዥ የሚሆነው ባለ 12 ቮልት መኪና ይፈለጋል። የተለመደው የቶዮታ ሚኒባስ ለዚህ ይሆናል። ተንቀሳቃሽ ባትሪ ማስነሻም ይበቃል፤ የሚዞር ሞተሪኖ ስለሌለ የሚፈለገው ኮምፒዩተሮቹን የሚያነቃ ኃይል ብቻ ነው።

የአጋዡ ሞተር ጠፍቶ እያለ ቀዩ ኬብል በቅድሚያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በአጋዡ ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ጥቁሩ በአጋዡ ኔጋቲቭ ላይ ይታሰርና ሌላው ጫፉ በመጨረሻ ከባትሪው ራቅ ባለ ቀለም የሌለው የመኪናው ብረት ላይ ይያዛል። የሚፈታው በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። አጋዡ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪናው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ትልቁ ባትሪ ራሱ በመቀየሪያ በኩል ትንሹን ይሞላዋል፤ በቤንዚን መኪና የዲናሞው ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ ወዲያው ማጥፋት አያስፈልግም። በማግስቱ ደግሞ ከሞተ ግን ባትሪው አብቅቶለታልና በዓይነቱ ይለወጥ።

በተገላቢጦሽ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሞተበትን የቤንዚን መኪና እንዲያስነሳ ማድረግ ብዙ አምራቾች የሚከለክሉት ነው። ሞተሪኖ የሚስበው ኃይል ከመቀየሪያው አቅም በላይ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አራት ነገር ያሳየው፦ የተደበቀውን የብረት ቁልፍ፣ የቁልፉን ቀዳዳ፣ የኮፈኑን መክፈቻና ትንሹ ባትሪ ያለበትን ቦታ። ባትሪው ሦስት ዓመት ካለፈው ያስለካው። የብረት ቁልፉን ሪሞቱ ውስጥ ትቶ መኪና ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ይያዘው። ማስነሻ ኬብልም ይኑረው፤ የሚያስቀምጠው ግን ከተቆለፈው መኪና ውጭ በሚደርስበት ቦታ ቢሆን ይሻላል።

በዱርቤቴና በዙሪያው ባሉ ከተሞች ለሚሠሩ ባትሪ ሻጮችና የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎችም ነገሩ እንጀራ ነው። ቴስተር፣ ጥሩ ኬብልና ባለ 12 ቮልት ማስነሻ ይዞ የሚጠብቅ፣ 24 ቮልቱን አይሱዙ “ቆይ” ብሎ የሚያስቆም ባለሙያ፣ የነጋዴውን መኪና ከመቃጠል፣ ግዢውንም ከመስተጓጎል ያድናል።