ስቶኪንግና የሥራ ቦታ አለባበስ

የማስተማር ልምምድ ወቅት በመጣ ቁጥር ከዕጩ መምህራን መሀል የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ጉርድ የለበሰች መምህርት ስቶኪንግ ሳታደርግ ክፍል ብትገባ ነውር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። አንዱ ወገን «ያለ ስቶኪንግ አለባበሱ ጎዶሎ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይኼ የፈረንጅ ወግ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሳይመረምሩ ነው የሚከራከሩት። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ ደንቡን እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር ስስ ሆኖ እግር ላይ የሚጠለቀውን ሁሉ በጅምላ «ስቶኪንግ» እንለዋለን። በትክክሉ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለየእግሩ ተነጣጥሎ የተሠራ፣ እስከ ጭን የሚደርስና በላስቲክ ወይም ከወገብ በሚንጠለጠል ማያዣ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ሁለቱ እግሮች ወገብ ላይ ተገናኝተው እንደ ሱሪ የሚጠለቅ ሲሆን ፓንቲሆዝ ይባላል።

ናይለን ከመገኘቱ በፊት ምርጥ የተባለው ስስ ስቶኪንግ የሚሠራው ከሐር ነበር። አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ጥሬ ሐር ደግሞ አብዛኛው ከጃፓን ይመጣ ነበር። በ1935 የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ዋላስ ካሮተርስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ናይለንን በቤተ ሙከራ ሠራ። ካሮተርስ በ1937 ስለሞተ የድካሙን ውጤት ገበያ ላይ ለማየት አልታደለም። ግኝቱ ለሕዝብ የተገለጸው በ1938 ነው፤ የናይለን ስቶኪንግ በመላ አሜሪካ መሸጥ የጀመረው ደግሞ በግንቦት ወር 1940 ነው። ገዢው ተሻማበት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ናይለኑ በ1942 ወደ ፓራሹትና ወደ ገመድ ሥራ ዞረ። ታዲያ ሴቶቹ ምን አደረጉ? ካልሲ ያደረጉ አሉ፤ ሱሪ የለበሱም አሉ። ብዙዎቹ ግን ባታቸውን ስቶኪንግ የሚያስመስል ቀለም ይቀቡ ጀመር። የዚያን ጊዜ ስቶኪንግ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠርቶ ከኋላ በኩል ስለሚሰፋ የስፌቱ መስመር በባት ላይ ይታይ ነበር። እናም ያቺን መስመር ሳይቀር በቅንድብ እርሳስ ይስሏት ነበር! ልብ በሉ፤ ቀለም ብርድ አይከላከልም፣ እግርንም አይሸፍንም። የሚፈለገው የተሸፈነ መምሰሉ ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በፒትስበርግ ከተማ 13,000 ለሚሆን ጥንድ ስቶኪንግ 40,000 ያህል ሰው ተሰልፎ ነበር።

ፓንቲሆዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1959 ግሌን ሬቨን የተባለ የሰሜን ካሮላይና ፋብሪካ ለገበያ አቀረበው። በ1960ዎቹ ውስጥ ጉርድ እያጠረ ሲሄድ የቀድሞው ስቶኪንግ ማያዣ ብቅ ማለቱ ስላልቀረ ፓንቲሆዝ ቦታውን ወረሰው።

አሁን ወደ ሥሪቱ እንግባ። ይህ ክፍል ለእጅ ሥራም ሆነ ለሳይንስ መምህራን ጥሩ የማስተማሪያ ርዕስ ይሆናል። ሸማ የሚሠራው በድርና በማግ ነው፤ ክሮቹ እየተሻገሩ ይያያዛሉ። ስለዚህ አንድ ክር ቢበጠስ ቀዳዳው እዚያው ይቀራል። ስቶኪንግ ግን እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት የተያያዘ ነው። አንዱ ቀለበት ሌላውን ይዞ ይቆማል። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ተከታይዋን የሚይዛት ስለሌለ ትለቃለች፤ እሷም ሌላዋን ትለቃለች። «ስቶኪንጌ ተተረተረ» የሚባለው ይኸው ነው። መተርተሩ በአንድ መስመር ሽቅብ ወይም ቁልቁል የሚሄደውም ቀለበቶቹ በረድፍ ስለተያያዙ ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ ሲደረግበት የሚቆመው ቀለበቶቹ ስለሚጣበቁ ነው። ለተማሪዎች ለማሳየት ያረጀ ሹራብና ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ከበቂ በላይ ነው።

የክሩ ቅጥነት የሚለካው በዴኒየር ነው። ዘጠኝ ሺህ ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል? መልሱ ዴኒየሩ ነው። 15 ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትሩ 15 ግራም የሚመዝን ክር ማለት ነው። እንግዲህ 1,000 ግራም ለ15 አካፍላችሁ በ9,000 ብታባዙት 600,000 ሜትር፣ ማለትም 600 ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። አንድ ኪሎ ክር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ድሬዳዋ ደርሶ ይተርፋል ማለት ነው! ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይወፍራል፣ ስቶኪንጉም ቆዳ አያሳይም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ሚስማሩ ብቅ ያለ ዴስክ በሞላበት ክፍል ውስጥ 15 ዴኒየር አድርጎ መግባት ገንዘብ መጣል ነው። ስታጥቡትም ለብ ባለ ውኃ በእጅ፣ ሳትጠመዝዙ ይሁን። ፀሐይ ናይለንን ስለሚያደክመው ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ካውያ አይነካው።

ወደ ደንቡ ስንመጣ ዋናው ጥያቄ ማን ያዛል፣ ማንስ ይከፍላል የሚለው ነው። ስቶኪንግ ወዳ የምታደርግ ብዙ ናት። ጠዋት ብርዱ በሚጠናበት ደጋ ይሞቃል፣ ጠባሳ ይሸፍናል፣ ለጉርድም ያምራል። በዚህ ማንም ጣልቃ ሊገባ አይገባም። ልምምድ ላይ ያለችን ዕጩ መምህርት ግን «ካላደረግሽ ነጥብ ትቀነሻለሽ» ማለት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ዴስክ ሲነካው ለሚተረተር ዕቃ ከኪሷ እንድትከፍል ማስገደድ ነው፤ አብሯት የሚለማመደው ወንድ ግን ይህ ወጪ የለበትም። እኔ በበኩሌ የልብስ ንጽሕናንና እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ መመቸቱን እንጂ የባትን ክር መመዘን የገምጋሚ መምህር ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

በሌላ አገርም ጉዳዩ ተነስቶ ያውቃል። በእንግሊዝ አንዲት የእንግዳ ተቀባይ ሠራተኛ ተረከዙ አጭር ጫማ አድርገሽ መጣሽ ተብላ ከሥራ ቦታዋ መመለሷ በ2016 ሲሰማ ከ150,000 ሰው በላይ አቤቱታ ፈረመ። የፓርላማ ኮሚቴዎችም ጉዳዩን መርምረው በ2017 ሪፖርት አወጡ። የአገሩ መንግሥት በ2018 ያወጣው መመሪያ የወንድና የሴት አለባበስ አንድ ዓይነት መሆን ባይኖርበትም የሚጠየቀው ደረጃ ተመጣጣኝ መሆን አለበት ይላል። ያ ክስ ስለ ጫማ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለስቶኪንግም ይሠራል።

የቀለሙ ነገርስ? ፓኮው ላይ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ ሲሸጥ የኖረው የማን ቆዳ ነው? ለረጅም ዘመን የነጭ ሰው ቆዳ ነበር። አርተር ሚቼል ከካሬል ሹክ ጋር በ1969 የመሠረተው የሃርለም የዳንስ ቲያትር ይህን አልቀበልም አለ። የባሌ ዳንሰኛ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ታይት ማድረግ የሙያው ደንብ ነበር። እነሱ ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የየዳንሰኛውን ታይትና ጫማ በየዳንሰኛው ቆዳ ቀለም እየነከሩ መድረክ ላይ ወጡ። ከኬላ እስከ ጥቁር ቡና ያለ መልክ ላላት መምህርት በመደዳ «የቆዳ ቀለም አድርጊ» ብሎ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። መምህር ቀኑን ሙሉ ስለሚቆም እግሩ ያብጣል፣ የደም ሥሩም ይወጣጠራል። ለዚህ የሚረዳው በሐኪም የሚታዘዘው አጥባቂ ስቶኪንግ ነው። እሱም ቁርጭምጭሚት ላይ በርትቶ ወደ ላይ እየላላ ስለሚሄድ ደሙን ወደ ላይ ያግዛል። ይህ ለወንድም ለሴትም ነው። ተራው ፓንቲሆዝ ይህን አይተካም። ወደ እግሩ ደም በሚያወርዱት የደም ሥሮች ላይ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ አጥባቂውን ሐኪም ሳያማክር ቢያደርግ ይጎዳል።

ሁለተኛው ለሳይንስ መምህራን ነው። ናይለን እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ቃጠሎውንም ያብሰዋል። ስለዚህ የጋዝ ምድጃ ወይም የአልኮል ኩራዝ በሚነድበት ቤተ ሙከራ የምታስተምሩ መምህራት በዚያ ቀን ስቶኪንጉን ቤት ትታችሁ፣ ረዘም ያለ የጥጥ ልብስና ድፍን ጫማ አድርጋችሁ ግቡ። ገምጋሚው ቢጠይቅ ምክንያቱን አስረዱት።