መስኮት የበዛበት የድንጋይ ቤት

የጥንት የድንጋይ ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮትና ጨለማ ክፍል ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በድንጋይ ቤት ግድግዳው የፎቁንና የጣራውን ክብደት ተሸክሞ ወደ መሠረቱ ያወርዳል። መስኮት በበዛ ቁጥር ተሸካሚው ይቀንሳል ማለት ነው። ታዲያ በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሻየር የሚገኘው ሃርድዊክ ሆል እንዴት ቆመ? የፊቱ አብዛኛው መስተዋት ነው እኮ!

ቤቱን ያሠሩት የሽሩዝበሪዋ ባላባት እመቤት ኤልሳቤጥ ናቸው። ሥራው በ1590 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1597 ገቡበት። ንድፉ የሮበርት ስሚዝሰን ነው ይባላል፤ ሰውየው በሙያው ግንበኛ ነበር።

ምስጢሩ ያለው ከውስጥ ነው። በየክፍሉ እሳት የሚነድበት ቤት ብዙ የጭስ መውጫ ይፈልጋል። ይህ በውጭው ግድግዳ ላይ ቢሠራ የመስኮቱን ቦታ ይሻማል። በሃርድዊክ ግን የጭስ መውጫዎቹ በውስጠኞቹ ወፋፍራም ግድግዳዎች ውስጥ እንዲያልፉ ተደረገ። የቤቱ ጀርባ አጥንት መሐል ላይ ሆነ፣ የውጭው ግድግዳም ለመስተዋት ተለቀቀ።

እኛ ይህንን በቃል ስንሰማው ብዙም አልገባንም። ስለዚህ ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምነን አራቱንም ጎን በመስኮት ቀዳደድነውና መጻሕፍት ደረደርንበት። በስድስተኛው መጽሐፍ ተጨራመተ። ሁለተኛውን ካርቶን እንደዚያው ቆራርጠን፣ በመሐሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ አቆምንበት። አሥራ አራት ተሸከመ፤ ከዚያ በላይ መጽሐፍ አላገኘንም። ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይኸ ሳይሻል አይቀርም።

ሌላው የፎቆቹ ነገር ነው። ደረጃ መውጣት ያደክማልና ትልልቆቹ ሰዎች ታች ይኖራሉ ብለን ገምተን ነበር። ተሳስተናል። ምድር ቤቱ በአብዛኛው የአገልጋዮች፣ አንደኛው ፎቅ የእመቤቲቱ መኖሪያ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደግሞ የክብር እንግዳ መቀበያ ነበር። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ክፍሉም መስኮቱም ቁመት ይጨምራል። ከውጭ ቆሞ መስኮቱን ያየ ሰው ማን የት እንደሚውል ያውቃል ማለት ነው። በሁለተኛው ፎቅ ያለው ረጅሙ አዳራሽ ብቻውን ወደ 50 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ዘመን መስተዋት ውድ ስለ ነበረ መስኮት ማብዛት ሀብትን ማሳያ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ በማማዎቹ አናት ላይ የእመቤቲቱ ስምና ማዕረግ የመጀመሪያ ፊደላት በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል።

ከመስኮቶቹ አንዳንዶቹ ግን የውሸት ናቸው። ግራና ቀኙ እኩል እንዲታይ ሲባል የተደረጉ እንጂ ከመስተዋቱ ኋላ ያለው ግንብ ነው። ከመካከላችን ይህን ማታለል ነው የሚል አለ፤ ሌሎቻችን ደግሞ የውበት ጉዳይ ነው እንላለን። ክርክሩ ገና አላለቀም።

ሁለተኛው ካርቶን በክፍላችን መስኮት ሥር ተቀምጧል። መሞከር የሚፈልግ አሥራ አምስተኛውን መጽሐፍ ይዞ ይምጣ።