የእርሳስ ቀለም፤ ሻጭና ገዢ ሊያውቁት የሚገባ ነገር

ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው ከየትኛው ፋብሪካ እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ቆርቆሮ የሚገዛም ውፍረቱን በጣቱ ይለካል። ቀለም የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልኩንና ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ጣሳውን ይዞ ይሄዳል። በጣሳው ውስጥ ምን እንደ ተቀላቀለ ገዢው አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ሻጩ የሚመልሰው አይኖረውም። ይህ ዝምታ በቤት ውስጥ በሚያድጉ ሕፃናት ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትልና ነጋዴው በምን ዘዴ ሊያስቀረው እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ በታች ያለው ትምህርት ቀርቧል።

፩. እርሳስ ምንድን ነው?

እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና በትንሽ እሳት የሚቀልጥ ማዕድን ነው። አገራችን በጥይት ዐረርነቱ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዛሬም በመኪና ባትሪ ውስጥ ይገኛል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ግን ስሙን ብቻ የወሰደ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዐይነት ስለ ሆነ ከዚህ ማዕድን ጋር ዝምድና የለውም።

እርሳስ ወደ ቀለም የሚገባው በልዩ ልዩ መልክ ነው። ነጭ እርሳስ የሚባለው ለነጭ ቀለም፣ ቀይ እርሳስ ወይም ጣሊያኖች ሚኒዮ የሚሉት ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ፣ የእርሳስ ክሮሜት የሚባለው ደግሞ ለደማቅ ቢጫና ለብርቱካናማ ቀለም ያገለግላል። ከዚህም ሌላ የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ የሚጨመር የእርሳስ ማድረቂያ አለ።

፪. ነጭ እርሳስ በቀድሞዪቱ አሜሪካ

የዚህን ዕቃ የንግድ ታሪክ ለመረዳት ከአሜሪካ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቅኝ ግዛቶቹ ነጻነታቸውን ሳያገኙ የቀለም ዱቄታቸውን በመርከብ ከእንግሊዝ አገር ያስመጡ ነበር። በፊላደልፊያ ከተማ ሳሙኤል ዌዘሪል የተባለ ነጋዴ በእ.ኤ.አ. 1804 የነጭ እርሳስ ፋብሪካ ካቋቋመ ወዲህ የአገር ውስጥ ምርት እየተስፋፋ ሄደ።

አሠራሩ ሆላንዶች ያስፋፉት ዘዴ ነበር። በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከሥር ሆምጣጤ ይጨመራል፤ ከበላዩ የተጠቀለለ የእርሳስ ዝርግ ይቀመጣል፤ ማሰሮዎቹም በፈረስ ፋንድያ ተከበው ለሦስት ወር ያህል ይዘጋባቸዋል። ከፋንድያው የሚወጣው ሙቀትና አየር ከሆምጣጤው ጋር ሆኖ እርሳሱን ወደ ነጭ ቅርፊት ይለውጠዋል። ቅርፊቱ ተፈጭቶ በተልባ ዘይት ሲለወስ ቀለም ይሆናል። የዛሬ ደጋ ገበሬ በማሳው የሚያበቅለው ተልባ ዘይቱ በዚያ አገር የቤት ቀለም ዋና መለወሻ ነበር ማለት ነው።

ቀለም ቀቢዎች ነጭ እርሳስን የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሥሩ ያለውን መልክ በሚገባ ይሸፍናል፤ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ስለሚሳብ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ዝናብንም ይችላል። በዚያን ጊዜ ቀለም ተዘጋጅቶ በጣሳ አይሸጥም ነበር። ዱቄቱ ወይም በዘይት የተለወሰው ሊጥ በክብደት ይሸጣል፤ ቀለም ቀቢው ወስዶ በሥራው ቦታ በዘይት ያቀጥነዋል።

በክብደት የሚሸጥ ነገር ሁሉ ለማጭበርበር የተጋለጠ ነው። አንዳንድ ሻጮች ርካሽ የሆነውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም ባራይት የሚባለውን ከባድ ነጭ ድንጋይ ፈጭተው ይቀላቅሉ ነበር። ስለዚህ የገዢው ሥጋት እርሳሱ እንዳያንስ ነበር፤ ታማኝ የሚባለውም ነጋዴ ንጹሕ እርሳስ የሚሸጠው ነበር። በእ.ኤ.አ. 1905 የሰሜን ዳኮታ ክፍለ ግዛት በቀለም ጣሳ ላይ የውስጡ ዝርዝር እንዲጻፍ የሚያዝ ሕግ አወጣ። የቀለም ፋብሪካዎች ሕጉን ተቃውመው እስከ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢከራከሩም በእ.ኤ.አ. 1907 ተረቱ። ይህ ሕግ ገዢው የሚገዛውን እንዲያውቅ የሚያደርግ ነበር እንጂ እርሳሱን የሚከለክል አልነበረም። ታማኙ ነጋዴ መርዙን ሳያጭበረብር፣ በትክክለኛ ሚዛን ይሸጥ ነበር።

፫. ጉዳቱ የታወቀበትና የተከለከለበት ጊዜ

የእርሳስ ጉዳት ያን ጊዜ ያልታወቀ አልነበረም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ በማተሚያ ቤት ሲሠራ በእሳት የሞቁ የእርሳስ ፊደላት የሠራተኞችን እጅ እንደሚያሰንፉ አይቶ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1786 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ቀለም ቀቢዎችና ሌሎች ከእርሳስ ጋር የሚሠሩ ሰዎች የሚታመሙበትን ሁኔታ ከዘረዘረ በኋላ፣ አንድ ጠቃሚ እውነት ከታወቀ በኋላ ሰው ሁሉ ተቀብሎ እስኪሠራበት ድረስ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ በመገረም ደምድሟል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቃሉን የሚያጸና ነው። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ ሐኪም በእ.ኤ.አ. 1904 የታመሙ ሕፃናት መርዙን ያገኙት ከተቀባው የቤት በረንዳና ከግድግዳው መሆኑን አስረዳ። በእ.ኤ.አ. 1921 ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስ በሕንጻ ውስጠኛ ክፍል ቀለም ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ። አሜሪካ ለቤት የሚሆነውን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው በእ.ኤ.አ. 1978 ነው። ከፍራንክሊን ደብዳቤ እስከዚህ ክልከላ 192 ዓመት ዐልፏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ጉዳት አያመጣም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ትንንሽ ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ሰውነታቸው ከዐዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ አብልጦ ይቀበላል፤ ምግባቸው ብረትና ካልሲየም ሲያንሰው ደግሞ ይብስባቸዋል። ሕፃን እጁን ከመሬት ወደ አፉ ስለሚያመላልስ ከበርና ከመስኮት የረገፈው ቅርፊትና አቧራ ወደ ሆዱ ይገባል። እርሳሱ አእምሮውን ይጎዳል፤ ትምህርት የመቀበል ኀይሉን ይቀንሳል። የጠፋውንም መልሶ የሚያመጣ መድኃኒት የለም። ሕመሙ ትኩሳትና ሳል የሌለው ስለ ሆነ ወላጅ ልጁ ሰነፍ የሆነ ይመስለዋል እንጂ በሩን አይጠረጥርም።

፬. ነገሩ በጎንደርና በደጋው አገር

የጎንደር ጥንታዊ ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደ ተገኘ በጊዜው የነበሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን ጽፈዋል፤ ልጃቸው አፄ ፋሲልም ከተማይቱን በእ.ኤ.አ. 1636 ገደማ ሲቆረቁሩ ግንባቸውን በዚሁ በኖራ አሠሩ። በገጠር ያለው የጭቃ ቤት ደግሞ በጭድ በተቦካ ጭቃና በእበት ይለሰናል። ኖራውም ሆነ ጭቃው እርሳስ የሚገባበት ነገር አይደለም፤ በኖራ ብቻ የነጣ የአባቶች ግድግዳ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነበር።

የእርሳስ ነገር የመጣው ከዘይት ቀለም ጋር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጎንደር የወራሪው የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ስለ ነበረች በፒያሳ ሲኒማው፣ ፖስታ ቤቱና ሌሎችም ሕንጻዎች ተሠሩ። በዚያ ዘመን በመላው ዓለም ለእንጨት በርና መስኮት ነጭ እርሳስ፣ ለብረት ቀይ እርሳስ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከነበሩት ዐሥርት ዓመታት የተረፈ በርና መስኮት በብዙ ቅብ ሥር እርሳስ ሊኖረው እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

ለነጋዴው ግን የበለጠ የሚያሳስበው አዲሱ ዕቃ ነው። ዛሬ ነጭ ቀለም የሚሠራው በአብዛኛው በታይታንየም ስለ ሆነ የእርሳስ ጥርጣሬ የሚበዛው በደማቅ የዘይት ቀለሞች፣ በተለይም በቢጫ፣ በብርቱካናማ፣ በቀይና ከቢጫ ተቀላቅሎ በሚገኘው አረንጓዴ ላይ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሰንደቅ ዓላማችን መልኮች ስለ ሆኑ በትምህርት ቤት አጥር፣ በሕፃናት መጫወቻ ብረት፣ በሱቅ መዝጊያና በግቢ በር ላይ በብዛት ይቀባሉ። በጎንደር የተበየደ በር በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት ወይም በደባርቅ ቤት ሲገጠም ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

፭. የአገራችን ሕግ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በእ.ኤ.አ. 2013 ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 አገሮች ገበያ የሚሸጡ የዘይት ቀለሞች የተመረመሩበትን ጥናት አወጣ፤ በአገራችንም ከፍ ያለ እርሳስ ያለባቸው ቀለሞች በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደሚገኙ ታወቀ። ከዚህ በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በእ.ኤ.አ. 2018 የእርሳስ ቀለምን ለመቆጣጠር ደንብ ቁጥር 429ን አውጥቶ፣ በቀለም ውስጥ የሚኖረው ጠቅላላ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ።

ይህ ቁጥር ለነጋዴ በሚገባ ሚዛን ሲተረጐም እንዲህ ነው። 10 ኪሎ ግራም በሚመዝን የደረቀ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ 0.9 ግራም ነው፤ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ከመቶ አንድ እጅ እርሳስ ያለበት ቀለም ቢሆን ግን በዚያው 10 ኪሎ ውስጥ 100 ግራም ይኖራል፤ ይህም ከተፈቀደው ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን ጣሳዎች በዐይን፣ በሽታ ወይም በእጅ ክብደት መለየት አይቻልም።

እርሳስ ካልገባበት ቀለም አይሆንም የሚል ምክንያትም አይሠራም። በነጭ እርሳስ ፈንታ ታይታንየም፣ ለቀይና ለቢጫ የብረት ኦክሳይድና ሌሎች መልክ ሰጪዎች፣ ለዝገት መከላከያ ዚንክ ፎስፌት፣ ለማድረቂያም ዚርኮንየምና ካልሲየም ይተኩታል።

፮. ሻጭ ሊያደርገው የሚገባ

አንደኛ፤ ከፋብሪካ ወይም ከአስመጪ ቀለም ሲረከብ የላቦራቶሪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቅ። ወረቀቱ የቀለሙን ስምና መልክ፣ የምርት ቁጥሩንና የተገኘውን የእርሳስ መጠን በቁጥር ማሳየት አለበት። የነጩ ቀለም ወረቀት ለቢጫው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፤ ጣሳው ላይ «ከእርሳስ ነጻ» የሚል ቃል ብቻ ማየቱ አይበቃም። ቃሉን የሚያጸናው ቁጥሩ ስለ ሆነ፣ ዕቃው ከ90 እጅ በታች መሆኑ በሽያጭ ውሉ ወይም በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ያድርግ። ነገሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ዕቃውን ለመመለስ ማስረጃው ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ስምና የምርት ቁጥር የሌለው ጣሳ፣ ወይም ከትልቅ በርሜል ወደ ትንንሽ ዕቃ ተገልብጦ የመጣ ቀለም አይቀበል። ርካሽነቱ የሚያመጣው ትርፍ ነጋዴው ስለማያውቀው ነገር በስሙ እንዲዋስ ከማድረግ አይሻልም።

አራተኛ፤ ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል አኑሮ ገዢ ሲጠይቅ ያሳይ። የትምህርት ቤትና የሕፃናት ማቆያ ሥራ የሚይዝ ተቋራጭ ይህን ወረቀት መጠየቅ አለበት።

፯. አሮጌ ቀለም ሲታደስ

እርሳስ በደኅና በተያዘ ቅብ ውስጥ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ የሚከፋው ሲፋቅና ሲቃጠል ነው። ስለዚህ አሮጌ በርና መስኮት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም፤ በእሳትም አይላጥም። በውሃ እየረጠበ በቀስታ ይፋቃል፤ ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎ የረገፈው ሁሉ ተሰብስቦ ይታሰራል፤ ወለሉም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ሥራው እስኪያልቅ ነፍሰ ጡርና ሕፃን በአካባቢው አይደርሱም። ቀቢው ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የሥራ ልብሱንም ከቤተ ሰቡ ልብስ ጋር አያሳጥብም።

በደጋው አገር ሁለት ልማዶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው አሮጌ ቀለም የተቀባ በር ወይም ጣውላ ፈልጦ ማገዶ ማድረግ ነው። በዳባትና በደባርቅ ብርድ ቤቱ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ምድጃ ከብቦ ሲቀመጥ፣ ከእንጨቱ የሚወጣው ጢስ እርሳሱን ወደ ሳንባ ይዞ ይገባል፤ የቀረውም በዐመዱ ውስጥ ይከማቻል። ሁለተኛው ባዶውን የቀለም ጣሳና ባልዲ ለውሃ መቅጃ፣ ለእህል መስፈሪያ ወይም ለጠላ ማስቀመጫ ማድረግ ነው። ዕቃው ምንም ቢታጠብ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም። ባዶ ጣሳ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ለገዢው ሳይነግር ማሳለፍ አይገባውም።