ከዘጌ እስከ ቆራጣ፦ የ1858 ዓ.ም. ኮሌራ የሚያስተምረን

በዚህ እትም የምናጠናው አባቶቻችን «ፈንግል» ይሉት ስለ ነበረው ስለ ኮሌራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ይህ በሽታ ወደ መካ በተጓዙት ሰዎች መካከል ተነሥቶ ብዙዎችን ፈጀ። በተከታዩ ዓመት ከጎንደር በስተ ደቡብ በጣና ዳርቻ ታየ።

በ1858 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በዘጌ ሰፍሮ ነበር። በሽታው በሰፈሩ በተነሣ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ከነበሩት እስረኞች አንዱን፣ እንግሊዛዊውን ሐኪም ሄንሪ ብላንክን አማከሩ። እርሱም የሐይቁን ዳርቻ ትተው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ መከረ፤ ምክሩም ተፈጸመ። ሆኖም ሠራዊቱ ሲጓዝ በሽታው አብሮት ተጓዘ። በቆራጣ አብያተ ክርስቲያናቱ በአስከሬን ተሞልተው፣ ሐዘንተኞች ሙታናቸውን በየመንገዱ አስቀምጠው የቀብር ተራ ይጠብቁ እንደ ነበር ሐኪሙ ጽፎአል። ደጋው ላይ ከደረሱ በኋላ ግን በሽታው ቀነሰ።

ምክንያቱን ዛሬ እናውቃለን። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1884 እንዳስረዳው ኮሌራን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህም በሕመምተኛው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውሃና በምግብ ወደ ሌላው ይገባል። ስለዚህ የተበከለውን ውሃ መተው ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ቦታ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ በሽታው በሰው ውስጥ ይጓዛልና።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡት ምእመናን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። እንግዲህ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት በዓልና ንግሥ አስቀድመን መጸዳጃ ማዘጋጀት፣ የመጠጥ ውሃን ማፍላት ወይም ማከም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባናል። ሕመምተኛውንም ፈርተን አንሽሸው። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው (ማንኪያው ሳይከመር) በጥብጠን ደጋግመን እያጠጣን ፈጥነን ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው። ብዙዎች የሚሞቱት ከሰውነታቸው የወጣው ፈሳሽ ሳይተካ ቀርቶ ነውና። ባልንጀራን መውደድ ውሃውን ንጹሕ አድርጎ ከመጠበቅ ይጀምራል።

ለውይይት፦
1. የሠራዊቱ ጉዞ በምን ጠቀመ? በምንስ ጎዳ?
2. በቁምስናችን በዓል ሲከበር ውሃውንና መጸዳጃውን የሚከታተል ማን ነው?